ጠይቄ፣ ሰምቼ የሞላሁ

ባጃጁ የታቦርን ቁልቁለት ሲንደረደር አምሳሉ ሰማያዊውን ፎልደር ደረቱ ላይ አጣብቆ ያዘ። በውስጡ ያለው አራት ገጽ ወረቀት ነው፤ ቢመዘን የአንድ ዳቦ ያህል አይከብድም። እሱን ግን ካለፈው ሐሙስ ጀምሮ የተጫነው በሦስተኛው ገጽ ላይ በገዛ እጁ የጻፋት አንዲት ቃል ነበረች።

"ጋሼ፣ ዛሬ ምን ነካዎት?" አለው ሹፌሩ በመስታወት እያየው። "ለወትሮው አደባባዩ ጋ እስክንደርስ የአሥር ሰው ጤና ይጠይቁ ነበር።"

"ዛሬ የምጠይቀው አንድ ሰው ብቻ ነው።"

"ማንን?"

"ራሴን።"

ሹፌሩ ከት ብሎ ሳቀ። "እሱማ ቶሎ አይመልስልዎትም!"

ጊዜው ሁለት ሺህ አሥራ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ የኅዳር ወር ሦስተኛ ሳምንት ነው። ሱዳን ውስጥ ጦርነቱ ከፈነዳ ሰባት ወር ሆኖታል። በመተማ በኩል ድንበር የተሻገረው ሰው አብዛኛው እዚያው አቅራቢያ መጠለያ ውስጥ ሰፍሯል። ጥቂቱ ግን፣ ገሚሱ ዘመድ ገሚሱ ሐኪም ፍለጋ፣ የቀረውም ተኩስ የማይሰማበት ሠፈር ይገኝ እንደሆነ ብሎ፣ አገር አቋርጦ ሐዋሳ ደረሰ። ከተማዋ እንግዳ አታውቅም ማለት አይደለም፤ ነዋሪዋ ራሱ ከያለበት የተሰበሰበ ነው። ሆኖም ከበላይ መመሪያ መጣ፤ መሃል ከተማ አንድ ክፍል ተሰጥቶት ጊዜያዊ የምዝገባ ዴስክ ተቋቋመ። ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ ማኅተም፣ መብራት ሲኖር የሚሠራ አንድ ኮምፒውተር። መብራቱ በዚያ ሳምንት ከነአካቴው ጠፍቶ ስለ ነበር ጽሑፉ ሁሉ በእጅ፣ በካርቦን፣ በሦስት ኮፒ ሆነ። ለእጅ ጽሑፍ ደግሞ ከአምሳሉ የተሻለ አልነበረም። ሃያ ስድስት ዓመት በመዝገብ ቤት ሠርቷል፤ ከስምንተኛ ክፍል በኋላ ያለውን ትምህርት መዝገብ እያገላበጠ ራሱን በራሱ ያስተማረ ሰው ነው።

መመሪያው አጭር ነበር። በከተማው የራሱ ቤት ያለው ሰው ዋስ የሚሆንለት ይቆያል፤ ዋስ የሌለው ወደ መጠለያው ይመለሳል። በቅጹ ላይ ስም ከነአያት፣ ዕድሜ፣ የመጡበት አገር፣ ዋስ፣ ምክንያት የሚሉ ዓምዶች አሉ። "ምክንያት" የሚለው ዓምድ ስፋቱ አንዲት ጣት አያህልም። ከገጹ ግርጌ ደግሞ "ጠይቄ፣ ሰምቼ የሞላሁ" ይልና የጸሐፊው ፊርማ ይከተላል።

አንደኛው፣ ሁለተኛውና አራተኛው ገጽ በደንብ ነው የተሞሉት። የአሶሳ ተወላጅ የሆነው የዩኒቨርሲቲው መምህር ሙሐመድ እየመጣ፣ ጉሮሮው እስኪደርቅ አረብኛውን ወደ አማርኛ እየመለሰ አስሞልቷል። ሐሙስ ዕለት ግን ፈተና ነበረበትና ቀረ። አምሳሉ እስከ ዓርብ መጠበቅ ይችል ነበር። አልጠበቀም። ቸኮለ። በምልክትም፣ በተሰባበረ አማርኛም አሥራ አንዱን ሰው በአንድ ጠዋት ጨረሰ።

ከአሥራ አንዱ አራተኛው፣ ነጭ ጀለቢያ የለበሱ፣ ጉንጫቸው የጎደጎደ ሽማግሌ ነበሩ። ኢድሪስ ይባላሉ። ልጃቸው ኢንቲሳር አጠገባቸው ቆማለች፤ አማርኛዋ ገበያ ወጥቶ ለመግባት ያህል ነው።

"ዋስ አለዎት?" አላቸው አምሳሉ።

ኢንቲሳር እየታገለች ለአባቷ አስረዳች። ሽማግሌው ጥቂት አሰቡ። ከዚያ የቀኝ እጃቸውን ጠቋሚ ጣት ወደ ሰማይ አነሱ።

አምሳሉ ገብቶታል። እሱም በየእሑዱ በጉባኤ መካከል ዓይኑን ጨፍኖ እጁን ወደዚያው የሚያነሳ ሰው ነው። ጣታቸውን አየ፤ በአክብሮት አንገቱን ነቀነቀ። ነቀነቀና ጎንበስ ብሎ በዋስ ዓምድ ሥር "የለም" ብሎ ጻፈ።

ቤቱ ገብቶ እጁን ሊታጠብ ሲል ነው ነገሩ የታየው። ቅጹን እንደ ቅጽ ከወሰዱት ልክ ነው፤ እግዚአብሔር በሐዋሳ ከተማ የቤት ካርታ የለውም። ግን እኚህ ሰው ከዚያ ቃል በስተጀርባ ምን ሊሉ ነበር? ቀጥሎ ምን ልጠይቃቸው ይገባ ነበር? ይህ ጥያቄ እንደ ገባ አልወጣም።

የዴስኩ በር ላይ ጥበቃው ጋሽ ላንቃሞ ካፖርታቸውን እንደ ደረቡ ዱላቸውን ተደግፈው ቆመዋል። እዚህ ጥበቃ ይሁኑ እንጂ በሠፈራቸው ሶንጎ ላይ፣ የሲዳማ ሽማግሌዎች በሚቀመጡበት ሸንጎ፣ ቃላቸው የሚደመጥ ሰው ናቸው።

"ደህና አደርክ አምሳሉ?" አሉና ጠጋ ብለው አዩት። "አንተ አድረሃል፤ ፊትህ ግን አላደረም።"

"ጋሽ ላንቃሞ፣ በሶንጎ ሽማግሌ ሳይሰማ ቢፈርድ ምን ይደረጋል?"

"ሳይሰማ? እንዴት አድርጎ? ገና ሲጀመር 'አፊኒ?' ይባላልኮ። ሰማችሁ ወይ ማለት ነው። አንድ ሰው እንኳ 'እኔ አልሰማሁም' ካለ ነገሩ ከሥሩ እንደገና ይነገራል። ከመሸም ለነገ ይቀጠራል እንጂ አይዘለልም።"

"ሳይሰማ ሰምቻለሁ ያለስ?"

ሽማግሌው ዱላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። "እሱ ከሀላሌ፣ ከእውነት ሸሸ እንላለን። ከሀላሌ የሸሸ ሰው ደግሞ ያረባው አይበረክትለትም። ምነው፣ ማንን ዋሽተህ ነው?"

"ወረቀትን" አለ አምሳሉ፣ ወደ ውስጥም ገባ።

ኢንስፔክተር ከበደ ከእሱ ቀድሞ ደርሷል። የደንብ ልብሱ በካውያ ተተኩሶ እንደ ካርቶን ቀጥ ብሏል፤ ኮፍያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ የማኅተሙን ቀለም እያራሰ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። ሰው አይሰድብም፣ እጁን አያነሳም። ወደ መጠለያው የሚመለሱ የአርባ ሦስት ሰዎች ስም፣ አንድ አውቶቡስና አንድ ቀን የተሰጠው ሰው ነው።

"ጋሽ አምሳሉ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ በሰዓቱ መጡ። ስድስት ሰዓት ላይ እፈርማለሁ፤ አውቶቡሱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይንቀሳቀሳል። አራቱም ገጽ ተሟልቷል?"

"ሞልቷል ኢንስፔክተር። ግን ሦስተኛው…"

"ምን ሆነ?"

አምሳሉ አፉን ከፈተ። ጡረታ ሊወጣ አራት ዓመት ቀርቶታል። ሰነድ ላይ ያልሆነውን ሆነ ብሎ መፈረም ምን እንደሚያስከትል ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ስንቱን የቅጣት ደብዳቤ በንጹሕ የእጅ ጽሑፉ የገለበጠው እሱ ነው።

"አንድ ጊዜ ላጣራው" አለ።

"ያጣሩ። እስከ ስድስት ሰዓት ያንተ፣ ይቅርታ፣ የእርስዎ ነው።"

አሥራ አንዱ ሰዎች ግቢው ውስጥ ግራቪላው ዛፍ ሥር አግዳሚ ላይ ተደርድረው ነበር። ሻንጣ ያለው ሻንጣውን፣ የሌለው ማዳበሪያውን እግሩ ሥር አድርጓል። አምሳሉ አንድ ያልታዘዘውን ነገር ሠርቶ ነበር፤ ጠዋት ከቤቱ ሳይወጣ ሮማን ጋ ደውሏል። ሮማን መሃል ከተማ የሞባይል ዕቃ የምትሸጥ፣ ዘጠኝ ዓመት ጅዳ በሰው ቤት የሠራች ሴት ናት። ከበሩ ገና ሳትገባ ድምጿ ገባ።

"ጋሼ! ሱቄን ዘግቼ ነው የመጣሁት፣ ደንበኛ ሲያጣኝ ጎረቤቴ ጋ ይሄዳል፣ ኃጢአቱ በእርስዎ ላይ ነው! ደግሞ አረብኛዬ የወጥ ቤት አረብኛ ነው። 'ሩዙን አታሳርሪው' እስከሚለው ድረስ ነው የማውቀው።"

"ይበቃናል።"

"ለፍርድ?"

"ለመስማት።"

ሮማን ወደ አግዳሚው ስታይ ሳቋ ቀስ እያለ ጠፋ። "እኔን ሲመልሱኝ ሦስት ቀን አዳራሽ ውስጥ አስቀምጠውኛል" አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። "ስሜንና ፓስፖርቴን ብቻ ነው የጠየቁኝ። የአሠሪዬ ሕፃን ትኩሳት ነበረባት። መድኃኒቷን የት እንዳስቀመጥኩ የማውቀው እኔ ነበርኩ። የሚጠይቀኝ ባገኝ ያን ነበር የምናገረው። ደመወዜን እንኳ አልነበረም።"

አምሳሉ ይህን ከእሷ ሲሰማ የመጀመሪያ ጊዜው ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ከእሷ የስልክ ካርድ ሲገዛ ኖሯል።

ኢድሪስ ጋ ሲደርሱ ሽማግሌው ከመቀመጫቸው ሊነሱ ሞከሩ፤ አምሳሉ ትከሻቸውን ይዞ አስቀመጣቸውና እሱም አጠገባቸው ተቀመጠ። ሮማን ሰላምታ ስትሰጣቸው ሽማግሌው ፈገግ አሉ።

"ምን አሉ?"

"የጅዳ ሴት ትመስያለሽ አሉኝ። ያሾፉብኛል፣ እኚህ ሰው!"

መምህር ነበሩ። ወድ መደኒ በሚባል ከተማ ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምረዋል፤ ስለዚህ ሰው ሁሉ ኡስታዝ ይላቸዋል። አምሳሉ ስለ ዋሱ ሊጠይቃቸው ሲል እሳቸው ቀደሙት። ጥያቄ ነበራቸው፤ ሐዋሳ ከገቡ ጀምሮ የሚጠይቁት ሰው ያጡበት ጥያቄ።

"ሐይቁ" አለች ሮማን እየተረጎመች፣ "መግቢያውን አይቻለሁ ይላሉ። ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ነው። መውጫው ግን የት ነው?"

"መውጫ የለውም" አለ አምሳሉ።

"መውጫ ከሌለው ጨው መሆን ነበረበት ይላሉ። ውሃ ገብቶ ካልወጣ፣ ፀሐይ ውሃውን ወስዳ ጨዉን ትታ ስለምትሄድ። እኔ ግን ቀምሼዋለሁ፤ ጣፋጭ ነው። ለምንድን ነው?"

አምሳሉ ሠላሳ ዓመት በዚያ ሐይቅ ዳር ኖሯል። ዓሣውን በልቷል፣ ልጆቹን እዚያ አዝናንቷል፣ የተጠመቀውም በእሱ ነው። መውጫ የሌለው ውሃ ለምን ጨው እንዳልሆነ አንድም ቀን ጠይቆ አያውቅም። ደንግጦ ሽማግሌውን አያቸው። ሊያባርራቸው ስማቸውን የጻፈ ሰው አጠገብ ቁጭ ብለው ስለ አገሩ ውሃ ይጨነቃሉ።

"አላውቅም በያቸው። እሳቸውስ ምን ያስባሉ?"

ኡስታዝ ኢድሪስ ወደ መሬት ጠቆሙ። "ከሥር በኩል፣ ለዓይን በማይታይ መንገድ ቀስ እያለ ሳይወጣ አይቀርም ይላሉ። ግን ገና እያጠኑት ነው። ከቡሹሎ ሲመለሱ ሁልጊዜ ዳሩ ላይ ይቆማሉ።"

"ከቡሹሎ?" አምሳሉ ፎልደሩን ዘጋው። "ቡሹሎ ምን ሊሠሩ ነው የሚሄዱት?"

ሮማን ጠየቀች። ኢንቲሳር አባቷን አየች፤ አባቷ መሬት መሬት አዩ። ከዚያ ልጅቷ ከሻርፗ ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ ካርድ አወጣች። የቡሹሎ ጤና ጣቢያ ካርድ ነው፤ በየቀኑ ምልክት ተደርጎበታል። የሳንባ ነቀርሳ። የስድስት ወር መድኃኒት። አራት ወሩን ጨርሰዋል፤ ሥልሳ አንድ ቀን ይቀራቸዋል።

"ሐሙስ ዕለት ለምን አልነገሩኝም?"

ሮማን ጥያቄውን ስትመልሰው ድምጿ ተለወጠ። "በመንገድ ላይ በሽታ ያለበትን ለይተው ሲያስቀሩ አይተዋል። ስለዚህ ደብቀው ነበር። ደግሞም… አልተጠየቅንም ነው የምትለው። ነርሷ መድኃኒቱ መሃል ላይ ከተቋረጠ በሽታው ተመልሶ በረታ ብሎ ይመጣል፣ ያኔ ይሄ መድኃኒት አይሠራም ብላታለች። መጠለያው ጋ ይገኝ አይገኝ አያውቁም።"

"ዋስ ስላቸውስ? ጣታቸውን…"

"እሱን እኔም ልጠይቅ ነበር" አለች፤ ጠየቀችም። ሽማግሌው ረዘም አድርገው መለሱ። "ጥያቄው የገባኝ 'ማን ያውቅሃል' የሚል መስሎኝ ነው ይላሉ። ከሁሉ በፊት እሱ ያውቀኛል ብዬ ጀመርኩ። ቀጥዬ ደግሞ ያከራየችኝ ሴት ታውቀኛለች ልል ነበር። እርስዎ ግን ራስዎን ነቅንቀው ጻፉ።"

አምሳሉ ለመነሳት አግዳሚውን ተደገፈ። ጌታ ሆይ፣ አለ በልቡ፣ የጀመሩትን ዓረፍተ ነገር እንኳ አላስጨረስኳቸውም።

ሰዓቱ አምስት ተኩል ሆኗል።

ኢንስፔክተር ከበደ ሦስቱን ገጾች ፈርሞ ማኅተም አሳርፎባቸዋል። "ሦስተኛው?"

አምሳሉ ገጹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ከደረት ኪሱ ሰማያዊ እስክሪብቶውን አወጣ። ከዚያም ኢንስፔክተሩ እያየው፣ በአራተኛው መስመር "የለም" የሚለው ቃል ላይ ሰረዝ አደረገ። አንድ ቀጥ ያለ ሰረዝ ብቻ።

"ምን እያደረጉ ነው!" ከበደ ተነሳ። "ጋሽ አምሳሉ! ስርዝ ድልዝ ያለበት ሰነድ ተቀባይነት የለውም፤ ይህን ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ? አንድ ቃል ሰረዙ ማለት ገጹን በሙሉ ሰረዙ ማለት ነው!"

"አውቃለሁ።"

"አሥራ አንድ ሰው!"

"አውቃለሁ ኢንስፔክተር። ከሥር 'ጠይቄ፣ ሰምቼ' ብዬ ፈርሜያለሁ። አልሰማሁም። ሐሙስ ዕለት አስተርጓሚ አልነበረም፤ በምልክት ነው የሞላሁት። የዋሸሁት እኔ ነኝ። ደብዳቤ ከተጻፈብኝ ይጻፍብኝ።"

ከበደ ሰዓቱን አየ፣ ገጹን አየ። ቁጣው ወደ ሥራ ዞረ። "እሺ። ሆነ። ባዶ ቅጽ ያምጡና ይገልብጡት። ሃያ ደቂቃ ይበቃዎታል።"

"መገልበጥ እገለብጣለሁ።" አምሳሉ ባዶ ቅጽ ከካርቦኑ ጋር አደራርቦ ፊቱ አስቀመጠለት። "ፊርማውን ግን ሁለተኛ አልችልም። ሌላ ሰው ይፈርም። እርስዎም ቢሆኑ ይችላሉ፤ መመሪያው ይፈቅዳል።"

ኢንስፔክተሩ እስክሪብቶውን አነሳ። ከግርጌ ያለችውን መስመር አነበባት፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ታየ። በመስኮቱ በኩል አሥራ አንዱ ሰዎች ተደርድረው ይታያሉ። አንዷ ሴት እግሯ ሥር በነጠላ የተጠቀለለ ከባድ ነገር አስቀምጣ ነበር።

"ምን ሆነዋል ሽማግሌው?" አለ እስክሪብቶውን ሳያስቀምጥ።

አምሳሉ ካርዱን አሳየው። ከበደ ነቀርሳ የሚለውን ሲያነብ ወንበሩ በራሱ ጊዜ አንድ ክንድ ወደ ኋላ ሸሸ።

"አሁን አይተላለፍም ብላለች ነርሷ" አለች ሮማን ከበሩ። "አይሽሹ፣ ኢንስፔክተር፤ ቢጠጉ ያምርብዎታል እንጂ አይዝዎትም!"

"አልሸሸሁም" አለ፣ ጆሮው ቀልቶ። "ወይዘሮ፣ እርስዎን ማን አስገባዎት?"

"እኔ ነኝ ያስገባኋት" አሉ ጋሽ ላንቃሞ። ዱላቸውን ይዘው ደፉ ላይ ቆመዋል፤ ከገደቡ አላለፉም። "ልጄ ከበደ፣ በሥራህ አልገባም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ቅድም 'ሰምቻለሁ' ልትል ብዕር ስታነሳ አይቼ ነው። ሰምተሃል?"

"አባባ፣ ይሄ ሶንጎ አይደለም። ይሄ መንግሥት ነው።"

"መንግሥት ጆሮ የለውም እንዴ?" አሉ ሽማግሌው። ድምፃቸው ላይ ሽሙጥ አልነበረም፤ የምር ለማወቅ የጠየቁ ይመስላሉ።

ከበደ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ኮፍያውን አንስቶ በጣቱ አሽከረከረው። ከዚያ ስልኩን አወጣና ወደ መስኮቱ ዞሮ አለቃው ጋ ደወለ። የሚሰማው የእሱ ንግግር ብቻ ነው። "አቤት ጌታዬ… ሠላሳ ሁለት… አዎ፣ አርባ ሦስት ነበር። አንዱ ገጽ ስርዝ ድልዝ አለበት… አዎ… አይ፣ መገልበጥ ሳይሆን ሰዎቹ እንደገና መጠየቅ አለባቸው… ኃላፊነቱን? እኔ እወስዳለሁ ጌታዬ።" ስልኩን ከዘጋ በኋላም መስኮቱን እንዳየ ቆየ። "የሚገርም ነው" አለ ለራሱ በሚመስል ድምፅ። "ሽማግሌ ታሟል ብል ኖሮ 'መመሪያው ምን ይላል' ይሉኝ ነበር። ስርዝ ድልዝ ስላቸው 'እሱማ አይቻልም' አሉኝ።"

"የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" አለ አምሳሉ። "ያፈሰስኩት እኔ ነኝ። አብረን እንልቀም።"

"በእርስዎ ላይ ግን ደብዳቤ እጽፋለሁ።"

"ይጻፉ። ከፈለጉ እኔው እገለብጥልዎታለሁ።"

ኢንስፔክተሩ ሳይወድ ሳቀ።

የኡስታዝ ኢድሪስ አከራይ እትዬ ፅጌ ተደውሎላት ከታቦር በባጃጅ ስትመጣ ሽሮ የነካው ሽርጧን እንኳ አልፈታችም ነበር። የቤት ካርታዋን በፌስታል ይዛለች።

"እኔ የምለው! አንድ ሳምንት ሙሉ ሰዎቼ ሲያለቅሱ ምን ሆናችሁ ብል በምልክት አውቶቡስ አውቶቡስ ይሉኛል፤ ሽርሽር የሚሄዱ መስሎኝ መልካም መንገድ እል ነበር! ዋስ የሚያስፈልግ ከሆነ ማን ጠየቀኝ? በር ለማንኳኳት ጣት አጣችሁ?"

"እትዬ ፅጌ" አለ ከበደ፣ "ዋስ ማለት ሰውየው ቢጠፉ እርስዎ ይጠየቃሉ ማለት ነው። ተረድተዋል?"

"እሳቸው የት ይጠፋሉ? ከቤት ወጥተው ሐይቁን ነው የሚያዩት! ቆይ የት ጋ ነው የምፈርመው?"

ሮማን ጥያቄውን ተረጎመች፣ አምሳሉ ጻፈ። ዕድሜ ሥልሳ ስምንት። ዋስ፣ ወይዘሮ ፅጌ። "ምክንያት" የሚለው ዓምድ አልበቃ ሲለው በጀርባው ላይ ቀጠለ፤ የመድኃኒቱን ስም፣ የቀሩትን ሥልሳ አንድ ቀናት፣ የነርሷን ቃል። ኢንስፔክተሩ ሙሉውን አነበበና ማኅተሙን አሳረፈ። እስከ ጥር መጨረሻ። ኢንቲሳር ወረቀቱን በሁለት እጇ ተቀብላ ለአባቷ ሰጠች። ኡስታዙ ግን ማኅተሙን አገላብጠው አይተው ለሮማን አንድ ነገር አሉ።

"ምን አሉ?"

"ከዚያ በኋላስ? ይላሉ።"

አምሳሉና ከበደ ተያዩ። ለዚህ ቅጽ አልነበራቸውም።

"ከዚያ በኋላ እንደገና እንጠይቅዎታለን በያቸው" አለ አምሳሉ። የሚችለው ተስፋ ያን ያህል ነበር፤ ከዚያ በላይ ቢል መዋሸት ይሆንበታል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ረጅም ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰዎች ቀጥሎ፣ አምስተኛው ላይ ኢንቲሳር ራሷ። ስድስተኛው ወንድሙን ሻሸመኔ ፈልጎ ያጣ አናጢ። ሰባተኛው ላይ ዋስ የሚሆን ሰው አልተገኘም፤ ሰውየው ተሰማ፣ ለነገ ተቀጠረ። አንዳንዱ ሲጠየቅ የሚናገረው ጠፍቶት ዝም ይላል። አምሳሉም አብሮት ዝም ይላል። ከበደ መጀመሪያ እግሩን ያወዛውዝ ነበር፤ ኋላ ተወው።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ አውቶቡሱ ሠላሳ ሁለቱን ይዞ ከግቢው ፊት ለፊት ሞተሩን አሞቀ። አሥረኛዋ ያቺ ከባድ ጥቅል የያዘች ሴት ነበረች። ስሟ ሃዋ ነው። ሮማን ገና አንድ ጥያቄ ስትጠይቃት ሴትየዋ እንደ ጎርፍ ለቀቀችው፤ እጇን ወደ አውቶቡሱ ትወረውራለች፣ ጥቅሉን ትመታለች።

"ምንድን ነው? ለምን ታለቅሳለች?" አለ ከበደ።

ሮማን ራሷን ያዘች። "እኔ ነኝ ሞኟ፣ እሷን ማስቀደም ነበረብኝ! መሄድ ትፈልጋለች፣ ኢንስፔክተር! ልጆቿ መጠለያው ውስጥ ናቸው፣ ከእህቷ ጋር። እዚህ የመጣችው ሠርታ የስፌት መኪና ልትገዛ ነው። ገዝታለች፣ ይኸው። የመመለሻ አጥታ ነው ሁለት ወር የተቀመጠችው። ስሟ ዝርዝር ውስጥ ሲገባ ደስ ብሏት ነበር። ዛሬ ጠዋት ገጹን ስንሰርዘው…"

አምሳሉ ያች ሰረዝ ትዝ አለችው። ሽማግሌውን ያስቀረች ሰረዝ ይህችንም አስቀርታ ነበር።

አውቶቡሱ ማርሽ አስገባ።

ኢንስፔክተር ከበደ ምንም ሳይል ጎንበስ ብሎ የስፌት መኪናውን በትከሻው አነሳ። ብረቱ በካውያ የተተኮሰውን ልብስ አጨማደደው። "ነይ!" አላት በአማርኛ፤ አስተርጓሚ አላስፈለጋትም። ጋሽ ላንቃሞ በሩን በረገዱ። ኢንስፔክተሩ እየሮጠ ወጣ፤ ኮፍያው በሩ ላይ ወደቀ፣ ዞሮም አላየው።

"ቁም! አንተ ሹፌር! ቁም!"

ሹፌሩ አንገቱን በመስኮት አወጣ። "ምን ተፈጠረ? የሚወርድ አለ?"

"የሚሳፈር ነው!" አለ ከበደ እያለከለከ። "እኔ እፈርማለሁ፣ ክፈት!"

ሃዋ ከደረጃው ላይ ሆና የመኪናዋን ጫፍ ከእሱ ተቀበለች። አረብኛ ተናገረች፤ ሮማን ሩቅ ስለ ነበረች የተረጎመለት የለም። እሱ ግን እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

ሲመለስ ላብ በላብ ሆኖ፣ ትከሻው ላይ የዘይት ቅባት ይዞ ነበር። ጋሽ ላንቃሞ ኮፍያውን አቧራውን አራግፈው ሰጡት። ወደ ክፍሉ፣ ወደ ወንበሩ አልሄደም። ግራቪላው ሥር፣ አግዳሚው ላይ፣ ሃዋ በተነሳችበት ቦታ ተቀመጠ። አጠገቡ የቀረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ጠዋት ከመጣ ጀምሮ ቃል ያልተነፈሰ፣ ጉልበቱን አቅፎ የተቀመጠ ጎልማሳ።

አምሳሉ ካርቦኑን አስተካክሎ አሥራ አንደኛውን መስመር አዘጋጀ። "ስሙን እንጀምር?"

"ቆይ" አለ ኢንስፔክተር ከበደ፣ ወደ ሮማን ዞሮ። "ስሙ ይደርሳል። መጀመሪያ ምሳ በልቶ እንደ ሆነ ጠይቂልኝ።"